ከማን እጅ

«ካሸሯ ናት የምትከፍለው፤ ሌላ ማን ይከፍላል?» ሲል ሮሃ ከሩዙ መደርደሪያ ወዲህ ሆና ሰማችው። የካምፓላው ሱፐርማርኬት ባለቤት ኣስፍሃ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ፣ ዕቃ ለምትደረድረው ለደሊና ነበር የሚነግራት። ነገሩ የትናንቱ የወይራ ዘይት ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ኪብሮም የሚባለው የመኪና ዕቃ ነጋዴ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳውን ይዞ ገባ፤ ዳቦና ወተት አንስተው ሂሳብ ጋ ሲደርሱ እንደ ወጉ ግብግብ ያዙ። «እኔ ልሙት፣ እኔ ነኝ የምከፍለው!» ይላል አንዱ። «እሱማ አይሆንም፣ አታዋርደኝ እንጂ!» ይላል ሌላው። አንዱ የሌላውን እጅ ሲገፋ፣ ያኛው የዚህን ቦርሳ መልሶ ኪሱ ውስጥ ሲጠቀጥቅ፣ የእንግዳው ክርን ባንኮኒው ዳር ቆሞ የነበረውን የአንድ ሊትር ጠርሙስ መታው። ዘይቱ እስከ ሳሙናው መደርደሪያ ድረስ ፈሰሰ። ሁለቱም «ውይ! ይቅርታ እህቴ» አሉ፤ በመጨረሻ ኪብሮም ከፈለና ተቃቅፈው ወጡ። ለአንድ ዳቦና ለሁለት ፓኬት ወተት እንደዚያ የተናነቁት ሰዎች፣ ለጠርሙሱ ግን አንዳቸውም እኔ ልክፈል አላሉም። ሮሃም ልትጠይቃቸው አፏ አልታዘዘላትም። ተንበርክካ በካርቶንና በሰጋቱራ ስትጠርግ አመሸች።

ኣስፍሃ ክፉ ሰው አልነበረም። ሠራተኛ ሲታመምበት ቦዳ ጠርቶ በሞተር ሳይክል ክሊኒክ ድረስ ይልካል፤ ለበዓል ለእያንዳንዱ ዶሮ ያስይዛል። ብቻ ሱቅ ውስጥ የጠፋ ነገር ሁሉ አንድ ተሸካሚ ሊኖረው ይገባል ብሎ ያምናል፤ ተሸካሚው ደግሞ ሁልጊዜ ከእሱ ሌላ ነው። ሮሃን ሲያያት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሮሃ፣ ጓለይ» አላት፤ በትግርኛ ልጄ ማለቱ ነው። «ሰባ ሺህ ሽልንግ ከደመወዝሽ ይነሳል። በአንዴ አይደለም፣ በሁለት ወር። ካሜራውን አይቼዋለሁ እኮ። አንቺ እጅሽን አጣጥፈሽ እንደ ትያትር ታይያቸዋለሽ። ሐበሻ ለመክፈል ሲጣላ ዳኛ ነው የሚፈልገው። ከአንዱ እጅ ላፍ ማድረግ ነው፣ አለቀ።»

«ከማንኛው እጅ?» አለች ሮሃ።

«ከቀረበሽ እጅ። ዛሬ ካትዌ ነኝ፣ መደርደሪያ እያስበየድኩ ነው። ግን በስልኬ አያችኋለሁ።» ከራሷ በላይ ወደተሰቀለው ካሜራ በአገጩ አመልክቶ ወጣ።

ደሊና የመኪናው ድምፅ እስኪርቅ ጠበቀች። «ከቀረበሽ ይላል! እሱ ራሱ ከሰው ጋር ምሳ ሲበላ ቦርሳው ያለው በግራ ኪሱ ነው፣ የሚፈልገው በቀኝ ኪሱ ነው» አለች። ሮሃ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሰባ ሺሁን ማስላት ጀመረች። ደመወዟ አራት መቶ ሺህ ሽልንግ ነው። ከዚያ ላይ ለቤት የምትሰጠውን ሰጥታ የሚተርፋት ለትራንስፖርትና ለሳሙና ብቻ ነበር።

ቤት ማለት ካንሳንጋ ቁልቁል ሲወረድ ያለች አንዲት ክፍል ናት። መሃሏ በመጋረጃ ተከፍሏል፤ ወዲህ ሮሃ ትተኛለች፣ ወዲያ አጎቷ ጋሽ ካሣዬና ሚስታቸው እትዬ አያንቱ። ጋሽ ካሣዬ ጅማ ሃያ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። ካምፓላ ከመጡ ወዲህ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ለስደተኞች ሲያስተረጉሙ ቆዩና፣ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ እሳቸውም ቤት ዋሉ። አሁን ቤቱን የሚያቆሙት የሮሃ ደመወዝና እትዬ አያንቱ ናጉሩ በሚባለው ሰፈር አንድ ሀብታም ቤት ልብስ እያጠቡ የሚያገኙት ገንዘብ ነው። በዚያች ክፍል ውስጥ ስለ ሁለት ነገር አይወራም፤ ስለ ጋሽ ካሣዬ ሥራ ማጣትና ስለ ስኳር በሽታቸው። የማይወራባቸው ስለሆኑም ሦስቱም ከእነሱ በቀር የሚያስቡት ነገር አልነበረም።

ዛሬ ጠዋት ጋሽ ካሣዬ ነጩን ሸሚዛቸውን ራሳቸው ተኩሰው፣ መስታወቱ ፊት ኮሌታቸውን ሦስት ጊዜ አስተካከሉ። ዓለምሰገድ የሚባል የጥንት ተማሪያቸው ከጁባ መጥቷል። ነጋዴ ሆኗል፤ ናኪቩቦ ገበያ ውስጥ የሸቀጥ ማከፋፈያ ሊከፍት ነው፣ ገንዘቡን የሚያምነው ሰው ይፈልጋል ተብሏል። «ለሥራ ነው የሚፈልገኝ ይመስለኛል» ብለው ነበር ጋሽ ካሣዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለማንም ሳይሆን ለሻይ ብርጭቋቸው እንደሚናገሩ። እትዬ አያንቱ ሮሃን እስከ ደጅ ሸኟትና በሩን ገርበብ አደረጉት። «ለአጎትሽ የመድኃኒቱን ስልሳ ሺህ ሰጥቼዋለሁ» አሉ በሹክሹክታ። «አራት ቀኑ ነው ከጨረሰ። ትናንት ማታ ግድግዳ ይዞ ነው የተነሳው። ያ ልጅ ይመጣል አይደል? እሱ ነው ያስፈራኝ።»

«ምኑ ነው የሚያስፈራው?»

«ኪሱ ውስጥ ብር ካለ አጎትሽን ታውቂው የለም እንዴ! እንግዳ ፊት ኪሱን አያውቀውም።»

ሮሃ ይህን ይዛ ነው ሥራ የገባችው። ሰው ሁሉ ካሸር ማለት ቁጭ ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ይመስለዋል። እዚህ ሱቅ ግን ለካሸር ወንበር የለም፤ ኣስፍሃ «ካሸር ከተቀመጠ ዓይኑም ይቀመጣል» ባይ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ በቁሟ ናት። አንዷ ሙዙን ሳታስመዝን ታመጣለች፤ ተመልሰሽ አስመዝኚ ስትባል ትቆጣለች። ሌላዋ ቅርጫቷን ባንኮኒው ላይ ትጥልና «መጣሁ፣ ሽንኩርት ረስቼ ነው» ብላ ትጠፋለች፤ ከኋላዋ ያለው ሰልፍ ሮሃን ነው የሚያፈጥባት። ስልክ የሚያወራው ሰውዬ ገንዘቡን ወደ እጇ ሳይሆን ወደ ባንኮኒው ይወረውራል፤ የተዘረጋ እጇን ምን እንደምታደርገው ግራ ይገባታል። ከሁሉ የሚብሰው ዋጋው ነው። ኣስፍሃ ማታ ማታ ማሽኑ ላይ ዋጋ ይጨምርና መደርደሪያው ላይ ያለውን ወረቀት መቀየር ይረሳል። ሰው አራት ሺህ ብሎ ያነሳው ሳሙና ሮሃ ጋ ሲደርስ አምስት ሺህ ይሆናል። ሌባ የሚለውን ቃል ሮሃ በአምስት ቋንቋ ታውቀዋለች፤ አምስቱንም የተማረችው እዚያች ባንኮኒ ላይ ነው።

ዛሬ ደግሞ ዝርዝር የለም። ካምፓላ ውስጥ ሳንቲም ሲጠፋ የመልሱ ምትክ ከረሜላ ነው። አንድ የቦዳ ሹፌር የሁለት መቶ ሽልንግ መልሱን ሁለት ከረሜላ ሆኖ ሲያገኘው «ሰንቴ ዛንጌ!» አለ፣ ገንዘቤን ማለቱ ነው። «በዚህ ቤንዚን ይቀዱልኛል?» ብሎ ከረሜላዎቹን አንድ በአንድ መለሰላትና እስኪሰጠው ድረስ ከባንኮኒው ንቅንቅ አልል አለ። ሮሃ ከራሷ ቦርሳ አውጥታ ሰጠችው። ከእሱ ቀጥሎ የምግብ ቤት ባለቤቷ እትዬ ሱዓድ ዱቄትና ቲማቲም ድልህ ይዘው መጡ።

«ትንሽ ቀንሺልኝ እንጂ፣ ወገን አይደለሽም?»

«እትዬ ሱዓድ፣ ማሽኑ ነው እኮ።»

«ማሽኑን ማን ነው የሚነካው? አንቺ አይደለሽ? ወገን ወገንን ነው የሚያርደው!» ብለው ሙሉውን ከፈሉና ደረሰኙን ሳይወስዱ ሄዱ። በማግስቱ እንደሚመለሱ፣ ያንኑ እንደሚሉ ሁለቱም ያውቃሉ። ረፋዱ ላይ የሞባይል መኒ ኔትወርክ ተቋረጠ። «ልኬአለሁ» ይላሉ፤ አልደረሰም። ስልካቸውን አፍንጫዋ ሥር ይዘው ያሳይዋታል፣ ገንዘቡን በመሃል ያስቀረችው እሷ የሆነች ይመስል።

ጋሽ ካሣዬ የመጡት ምሳ ሰዓት ላይ ሰልፉ ሲረዝም ነው። ከበሩ ሲገቡ ሮሃ ወዲያው አላወቀቻቸውም፤ ቤት ውስጥ የሚጎብጠው ጀርባቸው ቀጥ ብሏል። አብሯቸው አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ጥሩ ጫማ ያደረገ፣ ፊቱ ደስ የሚል ሰው አለ። «ሮሃዬ!» አሉ ገና ከሩቅ፤ ድምፃቸው የቤት ድምፃቸው ሳይሆን የክፍል ድምፅ ነበር። «ዓለምሰገድ፣ ይቺውልህ የእህቴ ልጅ። የዚህ ድርጅት አካውንታንት ናት።»

ሮሃ አካውንታንት አይደለችም። የሱቁን አረንጓዴ ሽርጥ አገልድማ፣ በአንድ እጇ ጎመን ይዛ ነበር የቆመችው። «እንኳን ደህና መጡ» አለች።

«ቲቸር፣ ቤተሰቡ በሙሉ ምሁር ነዋ!» አለ ዓለምሰገድ። ቀልዱ ውስጥ ተንኮል አልነበረበትም። ቅርጫት አነሳና በመደርደሪያዎቹ መሃል ገባ። ጋሽ ካሣዬ እየተከተሉ «ተው፣ ምንም አያስፈልግም፣ ቤቱ ሙሉ ነው» ይላሉ፤ እሱ «ባዶ እጄን ቲቸር ቤት ልገባ? እናቴ ብትሰማ ትረግመኛለች» እያለ ይጨምራል። ባንኮኒው ላይ ሲያወርደው የዱቄት ወተት፣ ሁለት ጁስ፣ ብስኩትና አምስት ኪሎ ስኳር ነበር። ሮሃ ስኳሩን ስታነሳ አጎቷን ቀና ብላ አየቻቸው። እሳቸው ደግሞ የሎተሪ ማስታወቂያ እያነበቡ ነበር። ማሽኑ ሃምሳ ሦስት ሺህ አለ።

«ይኸው እህቴ» አለ ዓለምሰገድ፣ ሁለት የሃምሳ ሺህ ኖት ዘርግቶ።

«ተው አንተ ልጅ!» ጋሽ ካሣዬ በትከሻቸው ቀደም ብለው ከፊቱ ገቡ። «ቤቴ እንግዳ ሆነህ መጥተህ አንተ ልትከፍል? ሰው ምን ይለኛል?»

«ቲቸር፣ በሞቴ!»

«በሞቴ አትበለኝ። ሮሃ፣ ከእሱ እንዳትቀበዪ!»

«እህቴ፣ ከቲቸር ከተቀበልሽ ዕቃውን እዚሁ ጥዬልሽ ነው የምሄደው። ያስተማሩኝ ሰውዬ ናቸው እኮ! ዛሬ እንኳ ልክፈልላቸው እንጂ!»

«ሮሃ!» አሉ ጋሽ ካሣዬ።

እጃቸው ከደረቷ ፊት ለፊት፣ ከስንዝር ባነሰ ርቀት ላይ ነበር። በእጃቸው ውስጥ ሦስት የሃያ ሺህ ኖቶች አሉ፣ እትዬ አያንቱ ገንዘብ እንደሚያጥፉት አራት ቦታ የታጠፉ። ሮሃ እጥፉን አወቀችው። የዓለምሰገድ እጅ ከአጎቷ ትከሻ በላይ፣ ራቅ ብሎ ይወዛወዛል። ከኋላ ልጅ ያዘለች ሴት በእንግሊዝኛ «ንያቦ፣ እኛም ቤት አለን» አለች፤ ንያቦ በሉጋንዳ እመቤት ማለት ነው፣ ቃናው ግን የእመቤት አልነበረም። ካሜራው ከላይ አለ። ከቀረበሽ እጅ፣ ብሏል ኣስፍሃ። ሮሃ ግን ያሰበችው ትናንት ማታ ግድግዳ ይዘው ስለተነሱት ሰው ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ግብግብ ውስጥ አንዱ በልቡ መሸነፍ የሚፈልግበት ጊዜ አለ፤ ሰበብ ሆኖ መሸነፊያውን የሚሰጠው ግን ሌላ ሰው መሆን አለበት። አጎቷ ያንን ሰበብ የሚጠብቁ መሰላት። ወይም እንዲመስላት ፈለገች። በአጎቷ እጅ ላይ ተሻግራ፣ ተንጠራርታ፣ ከዓለምሰገድ ጣቶች መሃል ሁለቱን ኖቶች ወሰደች።

«በቃ! አካውንታንቷ ፈረደች!» ብሎ ሳቀ ዓለምሰገድ። «አዩ ቲቸር፣ ልጅቷ ከማን መቀበል እንዳለባት ታውቃለች!»

የጋሽ ካሣዬ እጅ ለትንሽ ጊዜ ባለበት ቀረ። ፈገግታቸውም ፊታቸው ላይ ቀረ፤ ሰውየው ግን ከፈገግታው ኋላ ወጥቶ የሄደ ይመስል ነበር። ከዚያ ሦስቱን ኖቶች በዚያው እጥፋቸው መልሰው የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ አስገቡና በመዳፋቸው ደለደሏቸው። «ጎበዝ» አሏት። መልሱን ለዓለምሰገድ ስትቆጥርለት እሳቸው ከረጢቶቹን በሁለት እጃቸው አንስተው ነበር፤ ዓለምሰገድ ላግዝዎ ቢል እምቢ አሉት። ሮሃ በመስታወቱ ስታያቸው፣ ያ የተተኮሰ ሸሚዝ በአንድ ወገን በስኳሩ ክብደት ተጎትቶ፣ ዳገቱን ከተማሪያቸው ቀድመው ይወጡ ነበር።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ኣስፍሃ ነበር፤ ከጀርባው የብረት መቁረጫ ድምፅ ይሰማል። «ጎበዝ፣ ጓለይ! አየሁሽ እኮ። በአንድ ደቂቃ ገላገልሻቸው። ከቀረበሽ ብዬሽ ነበር፣ አንቺ ከራቀው ወሰድሽ፤ ግድ የለም፣ ዋናው መገላገሉ ነው። እንዲህ ነው ሥራ!» ሮሃ «እሺ» ብላ ዘጋችው። በዚህ ሱቅ ሁለት ዓመት ስትሠራ ከባለቤቱ አፍ ጎበዝ ስትባል የመጀመሪያዋ ነበር፤ ልጅ ያዘለችው ሴት ደግሞ ጎመኗ ለምን ሁለት ጊዜ እንደተመዘገበ እየጠየቀቻት ነው።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የጠቆርሽው?» አለች ደሊና በኋላ፣ የዳቦ ትሪ ይዛ ስታልፍ። «የመድኃኒታቸውን ብር እኮ አዳንሽላቸው።»

«አዳንኩት?»

«ታዲያ! ይኼኔ ፋርማሲ ናቸው።»

ሮሃም ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ይህንኑ ለራሷ ነገረች። ይኼኔ ፋርማሲ ናቸው። ይኼኔ እንግዳው ሄዷል፣ መድኃኒቱን በውኃ እየዋጡ ነው። ትንሽ ይቀየሙኛል፣ ነገ ይረሱታል። እንዲህ እያለች ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ መልስ ሰጠች፣ ሌላውን ሳትሰጥ ሸኘች፤ ይህ ሰው ተመልሶ መጥቶ ከአምስቱ ቃላት አንዱን ነገራት። ሥራ ስትለቅ ቦዳ አልያዘችም። እግሯ ቢዝልም ቤት ቶሎ መድረስ አልፈለገችም። የሮሌክስ ጠባሹ ጥግ ላይ እንቁላል በቂጣ እየጠቀለለ ነበር፤ ሁለት ሺህ ነው፣ አልገዛችም። የሰባ ሺሁ ግማሽ ሲነሳባት ከዚህ ወር ምን እንደሚቀር እያሰበች ቁልቁል ወረደች።

እትዬ አያንቱ ግቢው ቧንቧ ጋ ጎንበስ ብለው ማቶኬ፣ የሚቀቀለውን አረንጓዴ ሙዝ፣ ይልጡ ነበር። ሮሃን ሲያዩ አልተነሱም። «እራት ይደርሳል» አሉ ብቻ። ጣታቸው ከልጣጩ ጭማቂ ጠቁሯል። ሮሃ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች፣ ቢላ አነሳችና አብራ መላጥ ጀመረች። 

«ገዙት?» አለች ሮሃ።

«ምኑን?»

«መድኃኒቱን።»

እትዬ አያንቱ የላጡትን ውኃው ውስጥ ጣሉት። «አጎትሽ ልጁን ሥጋ ቤት ወሰደው» አሉ። «ካባላጋላ። ዕቃውን እዚህ አስቀምጠው ተያይዘው ወጡ። ልጁ መንገድ ላይ 'እንዳይጣሉኝ ቲቸር፣ ምሳውንም እኔ ነኝ' ሲለው አጎትሽ እሺ፣ እሺ ይለዋል። ገና ሲገቡ እጅ ልታጠብ ብሎ ተነሳና ለአስተናጋጇ ስልሳውንም በእጇ አስያዛት። ክትፎው ሳይመጣ፣ ቢራው ሳይከፈት። ልጁ በኋላ ሂሳብ ሲጠይቅ 'ተከፍሏል' አለችው።» ሌላ ማቶኬ አነሱ። «ሲነግረኝ ደስ ብሎት ነበር። አፉ እየደረቀ፣ ደስ ብሎት።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ እንዲተርፍ ብዬ ነው…»

«አውቃለሁ» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻል ነበር። «እኔም ብሆን ከልጁ ነበር የምቀበለው። ግን ከአጎትሽ ብትቀበዪው ኖሮ ሰባት ሺህ ይተርፈን ነበር።»

ጋሽ ካሣዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሸሚዛቸውንም ጫማቸውንም አላወለቁም። ጠረጴዛው ላይ ዓለምሰገድ ያመጣው ዕቃ ከነከረጢቱ ቆሟል፤ ስኳሩ ብቻ ከረጢቱን ቀዶ ጥጉ ብቅ ብሏል። ሮሃ «እንደምን አመሹ ጋሼ» አለች፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፣ ለእንግዳ እንደሚመለሰው። እራት ቀረበ። በላስቲክ በተሸፈነችው ጠረጴዛ ዙሪያ ሦስቱም ማቶኬያቸውን በባቄላ ወጥ በሉ። ማንኪያ ሳህን ሲነካ ይሰማል፤ ከጎረቤት የኳስ ጨዋታ ሬድዮ ይሰማል። ጋሽ ካሣዬ ውኃ ጠጡ፣ ደግመው ቀዱ፣ ደግመው ጠጡ። እትዬ አያንቱ ብርጭቆውን አዩ፣ ዓይናቸውን መለሱ።

«ዓለምሰገድ ሥራ አለው» አሉ ጋሽ ካሣዬ በመጨረሻ።

እትዬ አያንቱ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ይመስገን!» አሉ። «ይመስገን፣ ከምሳው ጀምሮ ይህን ይዘህ ነው ዝም ያልከው?»

«ናኪቩቦ ነው፣ ማከፋፈያው ላይ። ገንዘብ የሚቀበል፣ የሚታመን ሰው ይፈልጋል። ስድስት መቶ ሺህ ይከፍላል።» ቃላቱን አንድ በአንድ፣ ከጽሑፍ ላይ እንደሚያነቡ ያስቀምጡ ነበር። «ለእኔ አይደለም። እኔ ጠይቄው ነበር። ትንሽ ዞር ዞር አድርጌ ጠየቅሁት። 'ቲቸር፣ እርስዎን እንዴት ብዬ ነው የማዝዝዎት? ይህን አምጣ፣ ያንን ቁጠር ልልዎት ነው? ነውር ነው፣ አፌም አይታዘዝልኝም' አለኝ። ልክ ነው። ያስተማርኩት ልጅ ነው፣ ሌላ ምን ይበል? ክብር ነው የሰጠኝ።»

ሬድዮው ውስጥ ጎል ገባ መሰለ፣ ግቢው ጮኸ። ጋሽ ካሣዬ ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቁ።

«አንቺን ነው የጠየቀኝ፣ ሮሃ። 'ያቺን ልጅ ይስጡኝ፣ ከማን እጅ እንደሚወሰድ ታውቃለች' አለኝ።»

«ጋሼ፣ እኔ…»

እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ ትንሽ ከፍ አደረጉ። «እሺ ብዬዋለሁ። ስለ አንቺ እሺ ብዬዋለሁ። ከሰኞ ጀምረሽ ትገቢያለሽ። ለዚያ ኤርትራዊ አለቃሽም ነገ በደንብ አስረድተሽ፣ ተመራርቀሽ ነው የምትለቂው፤ ተኳርፎ መውጣት አያስፈልግም።»

ሮሃ እምቢ ማለት ነበረባት፤ ቃሉም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እትዬ አያንቱን ቀና ብላ ስታይ፣ ፊታቸው ላይ ደስታና ሐዘን ተራ ሲጠባበቁ አየች፤ ስድስት መቶ ሺህ ማለት በየወሩ የሚገዛ መድኃኒት ማለት እንደሆነም አወቀች። እምቢ ብትል የሰውየውን ክብር ለመጠበቅ ብላ ሰውየውን መጣሏ ነው። እሺ ብትል ደግሞ ሰውየውን ለማዳን ብላ ክብሩን መጣሏ ነው። እንዲህ ያለ ሂሳብ ማሽኑ አይሠራውም። «እሺ ጋሼ» አለች።

 ከዚያ ጋሽ ካሣዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰኞ ጠዋት እኔ እወስድሻለሁ» አሉ። «ናኪቩቦ ትርምስ ነው። ብቻሽን መንገዱ ይጠፋብሻል፣ ቦርሳሽንም ይነጥቁሻል።»

ሮሃ በየሳምንቱ ሐሙስ ለሱቁ ላስቲክ ከረጢትና የደረሰኝ ወረቀት የምታመጣው ከናኪቩቦ ነው። የትኛው ደረጃ ዝናብ ሲዘንብ እንደሚያንሸራትት፣ የትኛው መተላለፊያ ከምሳ በኋላ በጋሪ እንደሚዘጋ ታውቃለች፤ ዓይኗን ቢሸፍኗት ከዚያ ወጥታ ታክሲ ትይዛለች።

«ይውሰዱኝ» አለች። «እኔማ ምኑን አውቄው።»

ጋሽ ካሣዬ ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ። የጠረጴዛውን ላስቲክ በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆመ ሰው ቀና አሉና በጣታቸው መሥመር ማስመር ጀመሩ። «ይኸውልሽ፣ ታክሲው እዚህ ጋ ያወርደናል። ይሄ አስፋልቱ ነው። አስፋልቱን እንሻገራለን። ከዚህ በኋላ ወደ ግራ ነው የምትታጠፊው።»

ወደ ቀኝ ነበር። ሮሃ ጎንበስ ብላ ጣታቸውን በዓይኗ ተከተለች። «ወደ ግራ» አለች።